የሚቃወም አለ?

«ጠየቅናቸው እኮ፤ ዝም አሉ። ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው» ሲል ሰማችው ታላቅ ወንድሟን፣ ጥርሷን እየቦረሸች። የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፤ ከስስነቱ የተነሣ እዚያ ስኳር ሲማሰል እዚህ ይሰማል። ወንድሟ በስልክ የሚያወራው ከከተማ ውጭ ካለ የአረጋውያን ማረፊያ ጋር ነበር። አንድ አልጋ ተለቋል። እንዴት እንደተለቀቀ ማንም አልጠየቀም፤ እዚያ አልጋ የሚለቀቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ካልተያዘ ለተከታዩ ይሰጣል። ከወዲያ ያለው ሰው አባትየው ራሳቸው መፍቀድ አለባቸው ያለ ይመስላል፤ ወንድሟ ሳቅ ብሎ «ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ፊት ደግመን እንጠይቃቸዋለን። እህቴም ብትሆን አትቃወምም» አለ። እሷ አረፋውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ለአባቷ ማዘን ነበረባት፤ አዝናለችም። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። «ዝም ካሉ ተስማምተዋል» የሚለውን ከሥራዋ ወደዚህ ቤት ያመጣችው ራሷ ነበረች።

ቤተሰቡ «መሐንዲሷ» ነው የሚላት፤ ግማሹ በኩራት፣ ግማሹ በሽሙጥ፤ ድልድይ ዘርግታ ወይም ፎቅ አቁማ አታውቅምና። የምትሠራው ደንብ ነው። ሰዎች መነጽር አጥልቀው የሚገቡባቸው ምናባዊ ዓለሞች አሉ፤ እዚያ ሰው በምስል አካሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ከሌላው ጋር ይጫወታል። ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ዓለም አጥሮ መያዙ ነው፤ የአንዱ ደንበኛ የሌላውን አጥር አያልፍም። እሷና በየአገሩ የተበተኑ ባልደረቦቿ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የማንም ንብረት ያልሆነ የጋራ ፕሮቶኮል ይጽፋሉ። የአንዱ ስልክ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ እንደሚደውለው ሁሉ፣ ሰውም አካሉንና ዕቃውን ይዞ ከዓለም ወደ ዓለም እንዲሻገር ነው ሐሳባቸው። ቡድኑ በድምፅ ብልጫ አይወስንም። አንቀጹ ተነቦ ሲያበቃ ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ይላል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ ማንም ካልተናገረ ጸደቀ። አንድ እሑድ ቤተሰቡ በኮሪደሩ ቀለም ሲነታረክ ይህን ልማድ በቀልድ አጫወተቻቸው። እሷ የቀለደችውን ወንድሟ የምሩን ያዘው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ የተቀየረውም፣ የአባትየው ወንበር ከመስኮቱ ሥር የተነሣውም «የሚቃወም አለ?» እየተባለ ነው። አፍ ላለው ሰው ጥሩ ደንብ ነው። አባትየው ግን አንደበታቸው ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፏል።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበሩ። የከተማውን ሕዝብ ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረው አሁን አምስተኛ ፎቅ ላይ ታስረዋል፤ የሕንፃው አሳንሰር ከቆመ ቆይቷል፤ አስተዳዳሪው «ዕቃው ታዟል» ከማለት አልቦዘነም። በሽታው ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን ወሰደ እንጂ አእምሯቸውን አልነካም። ሁሉን ይሰማሉ፤ ሁሉን ይረዳሉ። ግራ እጃቸው ይሠራል፤ ትእዛዝ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እጅዎን ያንሡ ሲባሉ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቆይቶ ትንሿ ጣት ትነቃለች፤ ከዚያ አንጓው፣ ከዚያ ክርኑ ይከተላል። እጁ ከደረት በላይ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሐኪሙ ይህን አይቶ «ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው» አለና እጁ ሳይደርስ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ቀናቸው የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። መሐንዲሷ መነጽሩን ታጠልቅላቸዋለች፤ እዚያ ወዲያ በሁለት እግራቸው ይቆማሉ። ከአጭርነታቸውና ከጥንካሬያቸው የተነሣ «ብሎን» የሚባሉ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሌላ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። የዚያ ቤት መነጽር የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ዓለሙም ሌላ ነው። ሁለቱን ሽማግሎች ያገናኛቸው የመሐንዲሷ ፕሮቶኮል የሙከራ በር ነበር። ብሎን በዓለማቸው ውስጥ የአሳንሰር ጉድጓድ ሠርተዋል፣ ከነገመዱ ከነሞተሩ፤ ሁለቱ እዚያ ተቀምጠው ተበላሽቶ የማያውቀውን ይጠግናሉ። «ያ ሆቴል፣ ገመዱ የተበጠሰብን ቀን፣ ትዝ ይልሃል?» ይላሉ ብሎን። ከዚያ ይጠብቃሉ። የወዳጃቸው እጅ ተነሥቶ «አዎ» እስኪል ድረስ ያፏጫሉ፣ ብሎኖች ይቆጥራሉ፣ የጎረቤት ሐሜት ያወራሉ። «አትቸኩል፤ የትም አልሄድም» ይሏቸዋል። በዚህም ዓለም በዚያም አባትየውን የሚጠብቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያን ጠዋት መሐንዲሷ ዳቦውን በሻይ እያራሰች አበላቻቸው። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ መስኮት። የቤቱ ጥሩ ብርሃን ያለው ግን እዚያ ነው። አገጫቸውን ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስለ ማረፊያው ነግረውዎታል፣ አባባ? እዚሁ መቅረት ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። ዓይናቸውን ዓይኗ ላይ ተከሉ። ብርድ ልብሱ ላይ ትንሿ ጣት ነቃች። ያን ጊዜ ስልኳ አንቃጨለ፤ ስብሰባው ሊጀመር ነበር። «እመለሳለሁ» ብላ ኩባያውን አስቀምጣ ወጣች። ያቺ ጣት ምን ልትል እንደነበር አውቃ ነው የወጣችው።

የሥራ ጠረጴዛዋ ኮሪደሩ ላይ፣ በማቀዝቀዣውና በውጭው በር መካከል ነው። የገባ የወጣው ሁሉ ሽቦዋን ይራመዳል፤ ወተት የፈለገ «አንዴ ጠጋ በይ» ይላታል። ባለፈው ወር ለወንድሟ «እንደ ዘበኛ በር ላይ ተቀምጬ ነው የዓለምን ደንብ የምጽፈው» ብላ አማርራ ነበር። ክፍል አይደለም፣ መጋረጃ ብቻ ነው የጠየቅኩት ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የዕለቱ አጀንዳ «የባዶ አካል አንቀጽ» ነበር፤ የጻፈችውም እሷ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች መነጽራቸውን ሳያጠፉ አውልቀው ይሄዳሉ፤ አካላቸው እዚያ ዓለም ውስጥ እንደቆመ ይቀራል፤ ቦታ ይይዛል፣ የኩባንያውን ማሽን ያደክማል። ስለዚህ ደንቡ ሳይንቀሳቀስ የቆየውን አካል «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጣት ማንቀሳቀስ አይበቃም፤ እጅን ከደረት በላይ ማንሣት ነው መልሱ። ያልመለሰ ባዶ ነው ተብሎ ከዓለሙ ይነሣል። በእሷ ረቂቅ የመልሱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነበር። ያ ሁለት ደቂቃ በማን እጅ እንደተለካ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የትልቁ ኩባንያ ተወካይ ድምፀ ለስላሳ፣ ጸጉሩን በሥርዓት ያበጠረ ሰው ነው፤ ከኋላው ነጭ ግድግዳ እንጂ ምንም አይታይም። ረቂቁን አሞገሰ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያሞግስ መፍራት ነው። ቀጥሎ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ባዶ አካል ሁለት ሁለት ደቂቃ መሸከም ለድርጅቱ እንደማይዋጥለት፣ አምስት ሰከንድ ከሆነ ግን ነገውኑ እንደሚፈርም ተናገረ። እሱ ካልፈረመ ሌሎቹም አይፈርሙም፤ ያለ እነሱ የሦስት ዓመት ድካም ውሃ ወቀጣ ነው። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ማንም አልተነፈሰም። ሰብሳቢው ወደ መሐንዲሷ ዞሮ ሁለት ደቂቃው ከየት እንደመጣ ጠየቃት። መንገዱ ተጠርጎ ተሰጣት ማለት ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እሷ ግን የኢንተርኔት መስመራቸው ለሚዘገይባቸው ሰዎች አስባ እንደሆነ መለሰች። ተወካዩ መስመር በየቀኑ እየፈጠነ ነው አለ። ለሚዘገዩ ሰዎች ለብቻ ምልክት ብንሰጣቸውስ ብላ ሞከረች። «እንዲያማ ከሆነ ሰነፍ ሁሉ ዘገምተኛ ነኝ ይላላ» አለ ሰውየው። ሳቁ። እሷም ሳቀች።

«ሌላ ምክንያት አለሽ?» አለ ሰብሳቢው።

የአባቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ከጠረጴዛዋ ሁለት እርምጃ ነው። ሁሉን እንደሚሰሙ ታውቃለች። የስንት አገር ባለሙያ ተሰብስቦ ሳለ፣ የዓለም ደንብ ውስጥ የሰነቀርኩት የገዛ አባቴን እጅ ነው ማለት እንደ ልመና ታያት። በአጭሩ አፈረች፤ በአባቷ አፈረች። «የለኝም» አለች። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠበቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ገና ከአፏ ሳይወጣ ነቅዞ ነበር። አንቀጹ ጸደቀ። አጨበጨቡላት። ፕሮቶኮሉ ሲታወጅ ስሟ ከሁሉም በላይ እንደሚሰፍር ተነገራት፤ ደስም አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ፊቷ እስኪቀላ ድረስ ደስ አላት።

ምሳ ላይ የወንድሟ ሚስት ሾርባ ቀድታ አቀረበችላት። እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ሁለቱ ሴቶች ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። መሐንዲሷ ስለ ማረፊያው ጉዳይ ትንሽ ቢቆይ አይሻልም ወይ የሚል ነገር አጉተመተመች። ሴትየዋ ማንኪያውን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሟታል፤ ወገቧን ይዛ ነው ከወንበር የምትነሣው። «የማጥባቸው እኔ ነኝ» አለች፣ ሳትቆጣ። «የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። አንቺ መነጽር ነው የምታጠልቂላቸው።» ሾርባው ቀዘቀዘ።

ከምሳ በኋላ መሐንዲሷ ሥራዋን ሠራች። የጸደቀውን ቁጥር የሙከራው በር ላይ ማስገባት የእሷ ድርሻ ነው፤ እስከ ነገ ብታቆየው የሚጠይቃት አልነበረም። እሷ ግን በሥራ ቀልድ የማታውቅ ሰው ናት፤ አሮጌውን አጠፋች፣ አዲሱን ጻፈች፣ አስተካክላ አረጋገጠች። ከዚያ ገብታ ለአባቷ መነጽሩን አጠለቀችላቸው። ምናልባት ዛሬ እጃቸውን ቶሎ ያነሡ ይሆናል ብላ አሰበች። እንዲህ ያለው ተስፋ ለራስ የሚነገር ውሸት ነው።

በስክሪኗ ላይ ትከታተል ነበር። አባትየው በሩን ተሻገሩ፤ ብሎን ከጉድጓዱ አፋፍ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። የሞተሩን ቀበቶ ዛሬ እንቀይረው ወይ ብለው ጠየቁ፤ እንደ ልማዳቸውም ፉጨታቸውን ጀመሩ። ፉጨቱ ገና አንድ ዙር ሳይሞላ ደንቡ አባትየውን ከዓለሙ አነሣቸው፤ የነበሩበት ቦታ ባዶ ሆነ። መሐንዲሷ እንደገና አሻገረቻቸው። ብሎን እንደገና ጠየቁ፤ አሁንም ጠፉ። በሦስተኛው ላይ ብሎን አልጠየቁም፤ ወዳጃቸው ጥያቄውን ያልወደዱት መስሏቸው፣ ዝም ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ደንቡ ግን ራሱ ጠየቀ፤ «አለህ?» አለ። አባትየው ለመኖራቸው ማስረጃ እያነሡ ሳለ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ተባረሩ።

ብሎን ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ወዳጄን ምን ነካብኝ? ቁጭ እንዳለ ጥሎኝ ይሄዳል። ያስቀየምኩት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም ጋሽ ብሎን፣ ኔትወርክ ነው።»

«እንግዲያው እስኪስተካከል እጠብቀዋለኋ።»

«ዛሬ አይስተካከልም» አለችና ዘጋች። መነጽሩን ስታወልቅላቸው የአባቷ ፊት በላብ ርሷል። ጠዋት የተባለውን ሰምተዋል፤ አሁን የሆነውንም አይተዋል፤ ሁለቱን ለማገናኘት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብታይ ይቀላት ነበር። ያየችው ግን ግራ መጋባት ነው፤ ልጁ ለምን እንደመታችው ያልገባው ሰው አስተያየት። ትራሳቸውን አስተካከለችና ወጣች።

ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። እጁን ታጠበ፣ ከረቫቱን ፈታ፣ ሁሉንም ወደ አባትየው ክፍል ጠራ። ሦስቱም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ተቀመጡ፤ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ከሳሎን ባመጣው ወንበር፣ መሐንዲሷ መስኮቱ ሥር ተደግፋ። አነጋገሩ የተዘጋጀበት ይመስላል፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም። ማረፊያው ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም፤ ግቢው ዛፍ አለው፤ ነርሶች ቀን ከሌት አሉ። እዚህ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከመበስበስ እዚያ ፀሐይ መሞቅ አይሻልም ወይ አለ። መሐንዲሷ ለበሽተኞቹ ኢንተርኔት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ለነርሶቹ አለ አላት። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ስጦታ፣ «ይህችም ክፍል ላንቺ ትሆናለች። ከማቀዝቀዣ ጋር መጋፋቱ ይብቃሽ» አለ። መስኮቱ ጀርባዋን እያሞቃት ነበር።

«እንግዲህ አባባ» አለ ወንድሟ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጆሯቸው የደነቆረ ይመስል። «የሚቃወሙ ከሆነ እጅዎን ያንሡ።»

ጠበቀ። ከኩባንያው ይሻላል፤ አምስት ሰከንድ አይደለም የጠበቀው፤ ጉሮሮውን እስኪጠርግና ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ ጠበቀ። መሐንዲሷ የምታየው ብርድ ልብሱን ነበር። ትንሿ ጣት ነቃች። ቀጥሎ አንጓው ተንቀሳቀሰ። እጁ ከጨርቁ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ተነሣ። ወንድሟ ፊታቸውን እንጂ እጃቸውን አያይም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም፤ ጉልበታቸው ሁሉ ክንዳቸው ላይ ነው።

«አልተቃወሙም» አለ ወንድሟ ተቃንቶ። «አንቺስ? የሚቃወም አለ?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቆይ፣ እጃቸውን እያነሡ ነው፣ አንድ ደቂቃ ስጣቸው ማለት ብቻ ነው። ግን ይህን ማለት ጠዋት ያላለችውን ማለት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ስታውቅ ኖሮ ጠዋት ለምን ዝም አለች? ደግሞም ይህች ክፍል በር አላት፤ የሚዘጋ በር። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ይገባል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበራት፤ የአባቷ ክርን ገና ከፍራሹ አልተላቀቀም ነበር። ዝም አለች።

ወንድሟ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ በሉ እንግዲህ አለ። ወሬው ወደ ሻንጣ ዞረ። ትልቁ ሻንጣ ይሻላል ወይስ ትንሹ፣ ወፍራሙ ሹራብ ያስፈልጋል ወይ፣ ከአምስተኛ ፎቅ በምን ነው የምናወርዳቸው፣ የታች ጎረቤቱ ጎልማሳ በወንበር ሊሸከም ይረዳል ወይ። ሚስቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሸሚዝ መቁጠር ጀመረች፤ ያረጀውን ለጨርቅ፣ ደህናውን ለሻንጣ። ያን ጊዜ ነው እጁ የደረሰው። ደረትን አለፈ፣ ትከሻን አለፈ፤ ከታመሙ ወዲህ እዚያ ድረስ አንሥተውት አያውቁም። ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ከራሳቸው በላይ ቆመ። ሦስቱም አዩት።

«ውሃ ጠምቷቸው ነው» አለች የወንድሟ ሚስት። ሸሚዙን አልጋው ላይ ጥላ ወጥታ፣ ብርጭቆ ሞልታ መጣችና፣ እጁ ውስጥ አስገብታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው። ወንድሟ አይዞዎት አባባ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አባቱን ይወዳል። አባትየው ብርጭቆውን አላዩትም። ከፍ አድርገው እንደያዙት፣ ውሃው በክንዳቸው ላይ እየፈሰሰ፣ ያዩ የነበረው ሴት ልጃቸውን ነው። እጁ ለምን እንደተነሣ የምታውቀው እሷ ብቻ እንደሆነች ያውቃሉ።

መሐንዲሷ ከመስኮቱ ተነሥታ ቀረበች። የአባቷን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች፤ ሊቋቋሟት ሞከሩ፣ ግን ትእዛዙ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እጃቸውን ቀስ አድርጋ ወደ አፋቸው አወረደችው።

«ይጠጡ፣ አባባ» አለቻቸው።